ዓሣ አጥማጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ባለፈው ሳምንት የገቡልንን የስልክ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ጽፌላችኋለሁ። በአየር ላይ ሰዓት አጥሮኝ የቆረጥኩትን እዚህ ሞልቼዋለሁ።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ ወንድሜ ከአሜሪካ ስዊምቤይት የሚባል ሰው ሠራሽ ዓሣ ላከልኝ። ርዝመቱ ስንዝር ያልፋል፣ ወገቡ ላይ ይታጠፋል፣ ጅራቱ ጎማ ነው። ሁለት ቅዳሜ ሐይቅ ወርጄ ስወረውረው ዋልኩ፤ አንድም ዓሣ አልነካውም። ጥፋቱ የኔ ነው?

አብሽር፣ ጥፋት የለብህም። ማጥመጃው የተሠራው እኛ ጋ ለሌለ ዓሣ ነው። ባስ የሚሉት አፈ ሰፊ ዓሣ አድብቶ ሌላ ዓሣ የሚውጥ አዳኝ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለመዝናኛ ወደ ሐይቅ የሚለቀቀውን ትራውት የሚባል ዓሣ እየዋጠ የሚወፍር ባስ ስላለ፣ አጥማጆቹ ትራውት የሚመስል ትልቅ ማጥመጃ ሠሩለት። በዓለም የተመዘገቡት ሁለቱ ትልልቅ ባሶች እያንዳንዳቸው አሥር ኪሎ ገደማ ናቸው፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1932 አሜሪካ ጆርጂያ፣ ሌላው በ2009 ጃፓን ቢዋ ሐይቅ ላይ ተያዙ። ሰው ይህን ሲሰማ ስንዝር የሚያህል ማጥመጃ ቢያስር አይገርምም።

የኛ ቆሮሶ ግን በአብዛኛው የሚበላው ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ነው። አፉን ከፍተህ እየው፤ ያንን የሚውጥበት አፍ የለውም። ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆ፣ የመሬት ትል ወይም ጠንከር ያለ የሊጥ ድቡልቡል ይበቃል። ማጥመጃው እንዳይባክን ካልክ አምባዛ ላይ ሞክረው። አምባዛ ዓሣ ይበላል፣ ሰው ሠራሽ ማጥመጃም ይነክሳል። ትንሽ፣ ጣት የሚያህል ለስላሳ ካለህ ደግሞ እሱን ምረጥ፤ ሲመሽ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ ከሥሩ እያስጠጋህ በዝግታ ሳበው። አምባዛ ከዓይኑ ይልቅ በማሽተትና በጢሙ ስለሚያድን የተቆረጠ ዓሣ ከጎማው ይሻለዋል።

ይኸው አድማጭ፦ ዘንጉና ክሩስ ምን ይሁን?

ከ60 እስከ 100 ግራም የሚመዝን ማጥመጃ በቀጭን ዘንግ ከወረወርክ ዘንጉ ይሰበራል። ከሁለት ሜትር ተኩል ብዙም የማያንስ ወፍራም ዘንግና አሥር ኪሎ የሚችል ክር ያስፈልጋል። ለቆሮሶ የሽመል ዘንግ ይበቃሃል፣ ገንዘብህን አታባክን። የተበጠሰውን ክር ግን ውሃ ዳር አትተወው። የወፍ እግር ላይ ተጠምጥሞ ሥጋው ድረስ የገባ ክር በቢላ ቆርጬ አውቃለሁ።

ከሐይቅ ከተማ፦ ታዲያ ባሱን ራሱን አምጥተን ሐይቃችን ውስጥ ብንለቀውስ? ቱሪስት ይመጣል።

አይሆንም። ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ውሃ ሕይወት ያለው ነገር አታሻግሩ፤ ማስገባት የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ማውጣት አይቻልም። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ባስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው፣ እስከ ዛሬ አለ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የሚባል አዳኝ ዓሣ ተለቀቀ፤ የሐይቁን በርካታ ትንንሽ የዓሣ ዝርያዎች ጨረሳቸው። ናይል ፐርች አርባ ምንጭ የምንበላው የራሳችን ዓሣ ነው፤ በቦታው ሲኖር ማንንም አልጎዳም።

ሐይቃችን ላይ ቆሮሶ ራሱ እንግዳ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ያመጣው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ በሱ ይኖራል፣ ክፉ አልልም። ነገር ግን ሐይቁ ከዚያ በፊት የነበረው ሐይቅ አይደለም። ባስ ቢጨመር መጀመሪያ የሚውጠው የቆሮሶውን ጫጩት ነው። ከአርዲቦ ሐይቅ ወደ ሐይቃችን፣ ከሐይቃችን ወደ ኩሬያችሁም ቢሆን ባለሙያ ሳትጠይቁ በጀሪካን ዓሣ አታዙሩ።

ከቢስቲማ፦ በጾም ዓሣ ይበላል ወይ?

እሱን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ከሐይቅ ዳር የደወሉ እናት፦ ልጄ፣ ድሮ አንድ ቆሮሶ ሳህን ይሞላ ነበር፤ አሁን እፍኝ የማይሞላ ነው የሚሸጡልን። ምን ሆነ?

እማማ፣ መረቡ ጠበበ። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ዓሣዋን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትወልድ ያወጣታል።

ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው አፏ ውስጥ ነው፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ጊዜ ስለማትበላ መንጠቆ ብዙም አያገኛትም፣ መረብ ግን ያገኛታል። አንድ ወጣት ከመረቡ ላይ ፈልቅቆ ታንኳ ውስጥ የጣላትን ሳነሳ፣ አፏን ስትከፍት ቢጫ እንቁላል መዳፌ ላይ ፈሰሰ። ልጁ «ጋሼ ታማለች?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ ማንም አልነገረውም ነበር። ስለዚህ የምትይዟትን ሁሉ አፏን ከፍታችሁ እዩ። እንቁላል ወይም ጫጩት ከያዘች በእርጥብ እጅ ቀስ ብላችሁ መልሷት። ዳር ዳሩን ጎድጎድ ያለ የቆሮሶ ጎጆ ስታዩም መረባችሁን ሌላ ቦታ ጣሉ።

ከኮምቦልቻ፦ ጥሬ ዓሣ ለጤና ይጠቅማል ይባላል፣ እውነት ነው?

አብስላችሁ ብሉ። ጥሬው ጥገኛ ትል ሊሰጣችሁ ይችላል።

ስማቸውንም ቦታቸውንም ያልተናገሩ፦ ክረምት ወጥቶ ወንዙ ኩሬ ኩሬ ሲሠራ ብርብራ ወቅጠን እንጨምራለን። አባቶቻችንም ያደርጉት ነበር። ያንን ዓሣ በልቶ የሞተ አላየንም። ምኑ ነው ጥፋቱ?

እዚህ ላይ ታገሡኝ፣ ረዘም አደርገዋለሁ።

የብርብራ ፍሬ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። ዓሣው ውሃው ውስጥ አየር እያለለት ሰውነቱ በአየሩ መጠቀም ያቅተዋል፤ ታፍኖ ይሞታል። አንድ ማለዳ ሚሌ ወንዝ ላይ እንዲህ ያለ ኩሬ አጠገብ ደረስኩ። ዓሣው ሁሉ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሰዎቹ ትልልቁን ለቅመው አሥራ አንድ ዓሣ ይዘው ሄዱ። እኔ ቁጭ ብዬ የቀረውን አየሁ፦ ጥፍር የሚያህል ጫጩት ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ተንሳፍፏል፣ የውሃ ጥንዚዛውም ሞቷል። መቁጠር ጀምሬ መቶ ሳልደርስ ተውኩት። አሥራ አንድ ዓሣ ለመብላት የሚቀጥሉት ዓመታት ዓሣ ሁሉ ተጣለ። ወንዙን ዳግም የሚሞሉት በበጋ እነዚያ ኩሬዎች ውስጥ የተጠለሉት ናቸው፤ እነሱን ከገደላችሁ ዝናብ ሲመጣ ከየት ይምጣ?

አባቶቻችን ያደርጉት ነበር፣ እውነት ነው። ያኔ ሰዉም ጥቂት ነበር፣ ወንዙም ሙሉ ነበር። ዛሬ ከኩሬው በታች ሴት ልጅ በጀሪካን ትቀዳለች፣ ከብት ይጠጣል።

ከዚህ የባሰም መጥቷል። ብርብራ መውቀጥ የሰለቸው የተባይ ማጥፊያ ጠርሙስ ይገለብጣል። በዚህ ላይ ልለምናችሁ፦ ያ ዓሣ አይበላም፣ አይሸጥም፣ ለውሻም አይሰጥ። ሰብል ላይ የሚረጨው መድኃኒት ሰውንም ይገድላል። የበላ ሰው ምራቁ ከተዝረበረበ፣ ካላበው፣ ካስመለሰው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ መተንፈስ ካቃተው ወተት እየሰጣችሁ አትጠብቁ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚመርጠው ጠርሙሱ ላይ ያለውን ስም አይቶ ነው።

ዓሣን በመርዝ ማጥመድ በሕግም ክልክል ነው። የዓሣ ሀብትን የሚመለከተው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፣ ክልሉም የራሱ አለው። እኔ ግን ማንም እንዲታሰር አልፈልግም፣ እንድትተዉት ነው የምፈልገው። በዚያ ኩሬ ላይ መንጠቆ ጣሉ፤ ትልቁን ትበላላችሁ፣ ጫጩቱ ይተርፋል።

ከሐይቅ፦ ዋና ስለምችል ታንኳ ላይ ተንሳፋፊ ጃኬት ያስፈልገኛል?

ያስፈልግሃል። ሐይቃችን ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። መረብ እግርህን ከያዘህ ዋና መቻልህ አይጠቅምህም። ጃኬት ከሌለህ ከዳር አጥምድ።

ከደሴ፣ የመጀመሪያው አድማጭ እንደገና፦ ጋሼ፣ ያ ስዊምቤይት ሆዱ ሥር ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ አለው። ስፈታው አንዱ አውራ ጣቴ ውስጥ ጠለቀ፣ አልወጣ አለኝ። በፒንሳ ልሳበው?

አትሳበው፤ መንጠቆው ወደ ኋላ የሚመለስ እሾህ አለው፣ ሥጋህን ይዘነጥላል። እንዳለ በጨርቅ ሸፍነህ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ጠይቃቸው።