መስቀል አደባባይ ላይ ትንፋሽ ሲያጥር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የዛሬው ክፍል ለፍሬሾች ነው። በተለይ ከክፍለ ሀገር መጥታችሁ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ዶርም ለያዛችሁ።

በጠዋት መስቀል አደባባይ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ሯጮቹ ደረጃው ላይ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳሉ። አንዱን ደረጃ ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ይወጣሉ። እዚያ መሀል አዲስ ቱታ የለበሰች ልጅ ትገባለች። ትንሽ ትሮጥና ጉልበቷን ይዛ ታጎነብሳለች። ከዚያ ዙሪያዋን ትቃኛለች፤ ማን አየኝ ነው ነገሩ። በማግስቱ አትመጣም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ልጅቷ ትንፋሿ ስላጠረ ብቻ "ስፖርት ለኔ አይሆንም" ብላ ደመደመች።

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ነው፤ ጋምቤላ 500 ገደማ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። አገሩ ላይ ኳስ ሲጫወት ውሎ የማይደክመው የቆላ ልጅ፣ እዚህ ቶሎ ቢያለከልክ ምን ይገርማል? ቀስ እያለ ለሳምንታት ከቀጠለ ሰውነቱ ይለምደዋል። ደረት ውጋት ወይም ራስ ማዞር ካለ ግን ያ ሌላ ነው፤ ክሊኒክ ሂዱ።

አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 "እችላለሁ" የሚለው እምነት ከየት እንደሚመጣ ጽፎ ነበር። አንዱ ምንጭ የልብ ምትንና ድካምን የምንረዳበት መንገድ ነው። ትልቁ ግን ራሳችን ሠርተን ያየነው ነገር ነው። በዚህ በጣም አምናለሁ። ብዙ ፍሬሽ "መጀመሪያ ትንሽ ልክሳና ጂም እገባለሁ" ይላል። ድፍረቱ ቀድሞ እንዲመጣለት ይጠብቃል። ድፍረት ደግሞ ሳይጀምሩ አይመጣም።

ስለዚህ ሩጫውን ለጊዜው ተዉት። አንድ የዶርም ልጅ ያዙና ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ በኩል ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ በእግር ውረዱ። ሴቶች፣ ነጋ ካለ በኋላ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ። እያወራችሁ ሂዱ። ማውራት ሲያቅታችሁ ቀነስ አድርጉ። ስትመለሱ ዳገቱ ራሱ በቂ ስፖርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይቆጠራል። ክፍያም የለው፣ መስታወትም የለው።

ከማን ጋር እንደወጣችሁና ዳገቱ እንዴት እንደነበረ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ። ቸር ሰንብቱ።