ለቀጭን ከረባት የትኛው ቋጠሮ ይሻላል?

[ምስል፦ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች የልብስ ስፌት ሱቅ። ጠረጴዛ ላይ ቀጫጭን ከረባቶች ተዘርግተዋል።]

እንደምን ናችሁ ወዳጆች! ጥር ሲመጣ እዚህ የካ አባዶ ልብስ ሰፊዎች ቀና የሚሉበት ጊዜ የላቸውም። ሙሽራው ኮት ያስጠብባል፣ ሚዜው ሱሪ ያሳጥራል። ከረባቱ ግን የሚታወሰው በሠርጉ ቀን ጠዋት ነው። የሚያስረውም "ለእኔ ተዉት" ያለ አንድ ዘመድ ነው። ዘመዳችን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ ትልቁን፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ዊንድሰር። ቀጭን ከረባት ላይ ግን ዊንድሰር አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ከረባቱ ቀጭን መሆኑን እንወቅ። ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና ከታች በኩል፣ በጣም የሚሰፋበት ቦታ ላይ በሜትር ለኩት። የተለመደው ከረባት ከ8 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ6 ተኩል በታች ከሆነ ቀጭን በሉት። ይሄ በእጄ ያለው 5 ተኩል ነው።

[ምስል፦ ከቅርብ፣ ዊንድሰር የታሰረ ቀጭን ከረባት።]

በዊንድሰር አሰርኩት። እዩት እስቲ። ቋጠሮው ከረባቱን ሊያክል ምንም አልቀረውም። ጭንቅላቱ ገዝፎ ሰውነቱ የኮሰሰ ሰው መሰለ። ርዝመቱንም በላው። ዊንድሰር ጨርቁን በአንገት ዙሪያው ላይ በግራም በቀኝም ስለሚጠመጥም ብዙ ይፈጃል። የከረባቱ ጫፍ የቀበቶው ዘለበት ላይ ማረፍ ሲገባው እምብርት ላይ ቀረ። ረጅም ሰው ከሆናችሁማ ይብሳል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበላችሁ። ዊንድሰር የተባለው እ.ኤ.አ. በ1936 የእንግሊዝን ዙፋን በለቀቀው በኤድዋርድ ስምንተኛ፣ ኋላ የዊንድሰር መስፍን በተባለው ሰው ስም ነው። እሱ ራሱ ግን በዚህ መንገድ አያስርም ነበር። የሚያስረው በቀላሉ ነው። ከረባቶቹን ወፍራም ገበር ያስገባባቸው ስለነበር ቋጠሮው በራሱ ይገዝፋል። ሰው ያንን ውፍረት አየና በጥምጥም ብዛት ሊያመጣው ሞከረ። ውፍረቱ ግን የጨርቁ ነበር። የእኛ ቀጭን ከረባት ደግሞ ያ ውፍረት የለውም፤ ስለዚህ ቋጠሮውም ይቅጠን።

መስፍኑ የሚያስረው ቀላል ቋጠሮ ፎር ኢን ሃንድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ቶማስ ፊንክ እና ዮንግ ማኦ የተባሉ የካምብሪጅ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ከረባት በ85 መንገድ ሊታሰር እንደሚችል በሒሳብ አሳይተዋል። በእነሱ አቆጣጠር ዊንድሰር 8 እንቅስቃሴ ይፈልጋል፣ ሃፍ ዊንድሰር የሚባለው አነስ ያለው ወንድሙ 6፣ ፎር ኢን ሃንድ 4 ብቻ። ለቀጭን ከረባት የምመርጠው ይሄንን ባለ 4ቱን ነው።

[ምስል፦ እጆች ብቻ፣ ቀስ ብሎ።]

አብረን እንሰር። ሰፊው ጫፍ በቀኛችሁ ይሁን፣ ከቀጭኑም በደንብ ይርዘም። ሰፊውን በቀጭኑ ላይ ወደ ግራ አሻግሩት። ከሥር አዙራችሁ ወደ ቀኝ መልሱት። እንደገና ከፊት ወደ ግራ አሳልፉት፤ ሰው የሚያየው ይሄኛውን ዙር ነው፣ እንዳይጨማደድ። አሁን ከውስጥ በኩል ወደ አንገታችሁ አውጡትና አሁን በሠራችሁት የፊት ዙር ውስጥ ወደ ታች አሹልኩት። ቀጭኑን ጫፍ ያዝ አድርጋችሁ ቋጠሮውን ወደ ላይ ግፉት። አለቀ።

ቋጠሮው ወደ አንድ ጎን ትንሽ ዘመም ይላል። ተዉት፣ ተፈጥሮው ነው። እኔ እንዲያውም ያቺን ዘመም ማለቱን እወዳታለሁ፤ የሰው እጅ እንዳሰረው ታሳያለች።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ የሸሚዙ ኮሌታ። እዚሁ ሱቅ አንድ ወጣት ሚዜ መስታወት ፊት ቆሞ፣ "ጋሼ፣ ቋጠሮው አነሰብኝ፣ ላግዝፈው?" አለ። ልብስ ሰፊው ቀና ብለው አዩትና፣ "አንተ ልጅ፣ ቋጠሮው ምን አደረገህ? ኮሌታህ ነው የሰፋው" አሉት። ልክ ናቸው። የኮሌታው ሁለት ጫፎች በጣም ከተራራቁ መሃላቸው ባዶ ይሆናል፣ ትንሽ ቋጠሮም እዚያ ውስጥ ይጠፋል። ለቀጭን ከረባት ጫፎቹ የተቀራረቡ ኮሌታ ፈልጉ። የኮቱ ደረት ላይ የሚታጠፈውም ክፍል ቀጠን ያለ ቢሆን ይመረጣል።

ሸሚዙ ተገዝቶ ካለቀና ኮሌታው ሰፊ ከሆነስ? ያኔ ፕሪንስ አልበርት የሚባለውን እሰሩ። ያው ፎር ኢን ሃንድ ነው፤ ልዩነቱ ከፊት ሁለት ጊዜ መዞሩና በሁለቱም ዙር ሥር መሹለኩ ነው። ጨርቁ ሳሳ ካለ ቋጠሮውን ትንሽ ሞላ ያደርገዋል፣ ወደ ጎን ግን አያሰፋውም። የሹራብ ከረባት ላይ ግን አትሞክሩት፣ ያብጣል።

ገበያ ላይ የምናገኘው ብዙው ከረባት ፖሊስተር ነው፣ ያሟልጫል። ጠዋት ጥብቅ ብሎ የታሰረው ማታ እስክስታ ላይ ትከሻ ሲመታ ይላላል። እንዳይላላ ቋጠሮውን ስታጠብቁ ሁለቱንም ጫፍ ሳብ ሳብ አድርጉ። የከረባት መያዣ ካላችሁ ደግሞ ሦስተኛውና አራተኛው ቁልፍ መሃል፣ ከሸሚዙ ጋር አያይዛችሁ አድርጉት። መያዣው ከከረባቱ ጠርዝ አልፎ መውጣት የለበትም፤ ለ5 ተኩል ሴንቲ ሜትር ከረባት 4 ሴንቲ ሜትር የሆነው በቂ ነው።

ማታ ስትመለሱ ቀጭኑን ጫፍ ጎትታችሁ አታውጡት፣ ጨርቁን ያጣምመዋል። ባሰራችሁበት መንገድ ወደ ኋላ ፍቱትና ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ካውያ ካስፈለገው ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ከላይ ደርቡበት፤ ፖሊስተር በቀጥታ ከነካው ያበራል፣ ያ ደግሞ አይለቅም።