ደውዬ የምጠይቀው ሰው ስጡኝ

(ደብረ ብርሃን ላይ ለስፖርት አሰልጣኞችና ኃላፊዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት የመጣችሁ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ! በዚህ ብርድ ማልዳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የመጣሁት ስለ አንድ ገመድ ላወራ ነው።

ማየት የተሳናት አንዲት ልጅ ማሰልጠን ስጀምር መሪ ሯጭ (ማየት ከተሳነው ሯጭ ጋር በገመድ ተያይዞ የሚሮጥ ሰው) ሲባል እሰማ ነበር እንጂ አሠራሩን አላውቀውም። የጫማ ክር ቀጣጥዬ የእሷንና የመሪዋን እጅ አሰርኩ። መሪው ልጅ ከፊት ከፊቷ እየሮጠ ይጎትታታል። እግሯ ይጠላለፋል። በሦስተኛው ዙር ወደቀች። ጉልበቷ ላይ የተሰካውን ጠጠር ስለቅምላት «ጋሼ፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?» አለችኝ። ያጠፋሁትስ እኔ ነበርኩ።

ማታ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ አዲስ አበባ ላለ አንጋፋ አሰልጣኝ በቴሌግራም ላክሁ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ደረሰው። በድምፅ መለሰልኝ፦ «ልጁ ከጎኗ ይሁን። እጃቸው እኩል ይወዛወዝ። መጎተት ክልክል ነው፤ መጨረሻው መስመር ላይም መቅደም ያለባት እሷ ናት።» በማግስቱ ትከሻዋን ዘና አድርጋ ሮጠች።

ገመዱ ቀላል ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፓሪሱ ፓራሊምፒክ ማራቶን ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት 3ኛ ሆና ልትገባ ጥቂት ሜትር ሲቀራት መሪዋ ጡንቻው ያዘው። ልትደግፈው ገመዱን ለቀቀች። በመልቀቋ ነሐሷን ተነጠቀች። እዚያው ፓሪስ ላይ የኛዋ ያየሽ ጌቴ ከመሪዋ ከክንዱ ሲሳይ ጋር 1500 ሜትሩን በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈች!

እኛ ጋ የሚመጣው ስልጠና ግን ምንድን ነው? ሁለት ቀን አዳራሽ፣ ሻይ፣ አበል፣ ፎቶ። ከዚያ ስልጠናውን የሰጡን ሰዎች ስልካቸው አይነሳም። 3 ሰርተፊኬት አለኝ። አንዱም ስለ ገመዱ አልነገረኝም! ልጅቷ የወደቀችው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ማታ የሚመልስልኝ ሰው ነው የምፈልገው!

«በስልክ ስፖርት ይሰለጥናል እንዴ?» የሚለኝ አለ። ልጅቷንማ የማሰለጥናት እኔው ነኝ። በስልክ የሚታረመው እኔ ነኝ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ጀማሪ አሰልጣኝ ቪዲዮ ልኮ በስልክ የሚጠይቀው አንጋፋ ይኑረው። የዳታ ወጪው ይሸፈንልን። ኔትወርክ ለማይደርስበት ወረዳ ቪዲዮው በሚሞሪ ካርድ ይሂድ። ቪዲዮው ላይ የምልክት ቋንቋም ይኑርበት።

አንጋፋዎቹ፣ እባካችሁ፣ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ስልክ ቁጥራችሁን ለአንድ ጀማሪ ስጡ። እኔ ከመንዝ የመጣውን ልጅ ቁጥር ይዣለሁ። ዛሬ ማታ ቪዲዮ ይልክልኛል።

አመሰግናለሁ።