አራት ዓመት ከፓትሪክ ጋር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሰልጣኞች፣ ዛሬ ዋንጫ ያነሳችሁም ያላነሳችሁም ልጆቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ቅርጫት ኳስ ትንሽ ተናገር ስባል ልቤ ወዲያው የሄደው ወደ ጆርጅታውን፣ ወደዚያ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ያ የድሮው ጆርጅታውን። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፣ እናንተ ልጆች እንዲቀላችሁ።

ዋሽንግተን የገባሁት በ1981 ነው፣ በሱዳን በኩል። አምስት ሆነን በአንድ አፓርታማ እንኖር ነበር። ሌሊት ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። አንዲት አሮጌ ቴሌቪዥን ነበረችን፤ አንቴናዋ ተሰብሮ በኮት መስቀያ ሽቦ ጠግነነዋል። ተንታኞቹ ከሚሉት ግማሹ አይገባንም። ነጥቡን ግን እናነባለን።

በዚያው ዓመት አንድ ልጅ ጆርጅታውን ገባ። ፓትሪክ ዩዊንግ። ኪንግስተን፣ ጃማይካ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ ማሳቹሴትስ የመጣ፣ ሰባት ጫማ የሚረዝም ልጅ። ከውጭ የመጣ መሆኑን ስንሰማ በቃ፣ የኛ ሆነ። ከማሊያው ስር ግራጫ ካናቴራ ይለብስ ነበር። እኛም ግራጫ ካናቴራ ገዛን። ሌላ ከተማ ሄዶ ሲጫወት ደግሞ «ማንበብ አይችልም» የሚል ጽሑፍ ይዘው የሚሰድቡት ነበሩ። ያን ጊዜ ቤታችን ጸጥ ይላል። እኛም በየሥራ ቦታችን በአነጋገራችን ይሳቅብን ነበርና ነገሩ ይገባናል። ፓትሪክ በ1985 ዲግሪውን ይዞ ወጣ።

አሰልጣኙ ጆን ቶምሰን ነበር። እሱም ግዙፍ ሰው ነበር፤ ትከሻው ላይ ሁልጊዜ ነጭ ፎጣ ነበረ። ቢሮው ውስጥ አየሩ የወጣ ኳስ ያስቀምጥ ነበር። ኳስ አንድ ቀን ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ምን ይዛችሁ ትቀራላችሁ ለማለት ነው። አራቱን ዓመት ከሱ ጋር ከቆዩት ልጆች ከመቶ 97ቱ ተመርቀዋል። ወላጆች፣ ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

አሁን ስለ አንድ ምሽት ልንገራችሁ። መጋቢት 29፣ 1982፣ ኒው ኦርሊንስ፣ የአሜሪካ ኮሌጆች ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ከኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጋር። ፈረቃዬን ከጓደኛዬ ጋር ተቀያይሬ ቤት ቀረሁ። ጨዋታው ሲጀመር ፓትሪክ የመጣውን ኳስ ሁሉ ከቅርጫቱ አፍ ላይ ይመታል። ኳስ ወደ ቅርጫቱ መውረድ ከጀመረ መንካት ክልክል ነውና ዳኞቹ ነጥቡን ለነሱ ይሰጣሉ። የኖርዝ ካሮላይና የመጀመሪያ ስምንት ነጥቦች በሙሉ እንዲህ የተገኙ ናቸው። እሱ ግን አላቆመም። እዚህ በር በቀላሉ አይገባም እያላቸው ነበር።

መጨረሻው ላይ 62 ለ61 እየመራን ነው። ሃያ ሰከንድ እንኳ አልቀረም። አንድ ቀጭን የአንደኛ ዓመት ልጅ ከግራ በኩል ዘሎ ወረወረ፣ ገባ። ማይክል ጆርዳን ነው፤ ስሙ ገና ያን ያህል አይታወቅም። 63 ለ62። ኳሱ የኛ ነው፣ ጊዜ አለ። ፍሬድ ብራውን ኳሱን ይዞ መጣ፤ በቀኙ የቡድን ጓደኛው ያለ መሰለው። አቀበለ። የተቀበለው ጄምስ ዎርዚ ነበር፣ የኖርዝ ካሮላይናው።

አለቀ። ከአምስታችን ቃል ያወጣ የለም። ከዚያ ቶምሰን ወደ ብራውን ሄዶ አቀፈው። ያ ትልቅ ሰውዬ ልጁን ደረቱ ላይ አደረገው። የሕይወቱን ዋንጫ ያሳጣውን ልጅ። እኔ ያን ጊዜ አባቴን ካየሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ተነሥቼ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ።

በ1985 በፍጻሜው በቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ 66 ለ64 መሸነፋችን ዛሬም ያመኛል። ከ28 ሙከራ 22 አገቡብን፤ ምን ይደረጋል። ከዚያ በ1987 ዲከምቤ ሙቶምቦ ከኪንሻሳ፣ ኮንጎ፣ ወደ ጆርጅታውን መጣ፣ ሐኪም እሆናለሁ ብሎ። ሐኪም ባይሆንም በ2007 እዚያው ኪንሻሳ በእናቱ ስም ሆስፒታል ከፈተ። በ2024 ማረፉን ስሰማ የቤተሰብ መርዶ ያህል ነው የተሰማኝ።

ዛሬ የኮሌጅ ተጫዋቾች ገንዘብ ያገኛሉ። ተገቢ ነው፤ ድሮ በነሱ ላብ ሌላው ነበር የሚከብረው። ግን ብዙዎቹ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ። ስማቸውን ስንለምድ ሄደዋል። እኔ የሚናፍቀኝ ያ መቆየት ነው። ፓትሪክን አራት ዓመት አየነው። ሲሳሳት አየነው፣ ሲበስል አየነው፤ እኛም በዚያው አራት ዓመት እንግሊዝኛ ተማርን፣ መንጃ ፈቃድ አወጣን፣ አንዳንዶቻችን አገባን።

ፍሬድ ብራውንም ቆየ። ያን ሁሉ መሳለቂያ ችሎ፣ እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው አሰልጣኝ ስር። ሚያዝያ 2፣ 1984 ሲያትል ላይ በፍጻሜው ጆርጅታውን ሂውስተንን 84 ለ75 አሸነፈ። ሂውስተን የናይጄሪያው ልጅ ሀኪም ኦላጁዋን የነበረበት ነው። እኔ ያን ሌሊት ፈረቃ የሚቀይረኝ አጥቼ ፓርኪንግ ዳሱ ውስጥ በትንሽ ሬዲዮ ነው የሰማሁት። ብቻዬን ጮህኩ። መኪናውን ሊወስድ የመጣ አንድ ሰውዬ ምን ሆንክ አለኝ፤ «አሸነፍን» አልኩት። በዚህ አገር «እኛ» ብዬ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የዚያን ድል ፎቶ በኋላ ከጋዜጣ ቆርጬ አስቀመጥኩት። ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ልጆች፣ ስንጨርስ ኑና እዩት። ቢጫ ሆኗል። ቶምሰን ከነፎጣው አለ። ያቀፈው ልጅ ፍሬድ ብራውን ነው።

አመሰግናለሁ።