ሳሩን ማን ቆጠረው?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ እንግዳ የለኝም። ከጀርባ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ቆርቆሮ ጣራ ሥር ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው። ይቅርታም አልጠይቅም፣ የዛሬው ጨዋታዬ ራሱ ስለ ጣራ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባለሀብት ደጋ ላይ ሎጅ እንድነድፍለት ጠየቀኝ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸንተረር፣ ከሥሩ ገደል፣ ጠዋት ጠዋት ደመናው ከእግር በታች የሚተኛበት። 14 ጎጆ ነደፍኩለት፤ ክብ፣ የድንጋይ ግድግዳ፣ የሳር ክዳን። ዲዛይኑን ሳቀርብ «ሙሉ በሙሉ ከአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ» የሚል ስላይድ ነበረኝ። በዚያ ስላይድ ምን ያህል እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ቦታውን ልንለካ ስንሄድ አንድ የአገሬው አዛውንት አብረውን ይዞሩ ነበር። ላፕቶፔን ከፍቼ ንድፉን አሳየኋቸው። አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ፣

«ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ሳር ከየት ሊመጣ ነው?» አሉኝ።

«ከዚሁ ነዋ አባባ።»

«ከዚሁ የት?»

እጄን ወደ ሜዳው ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ሜዳውን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩኝ። «ከብቱስ?» አሉ። የራሳቸውን አንዲት ጎጆ ለመክደን ከነልጆቻቸው ስንት ቀን እንዳጨዱ ነገሩኝ። እኔ ሲሚንቶውን በኩንታል፣ ብረቱን በኪሎ አስልቼዋለሁ። ሳሩን አልቆጠርኩም። ሳር ነዋ! ማን ይቆጥረዋል?

የሚቆጥሩ ሰዎች እንዳሉ የገባኝ በኋላ መንዝ ስሄድ ነው። ጓሳ ታውቁት ይሆናል። በደብረ ብርሃን በኩል ነው የሚኬደው፣ ከአዲስ አበባ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ስሙ የሳሩ ስም ነው። በጓሳ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ዝናብ ሲመጣ የሚደረበው ገሳም ይሠራበታል። መንዜ ይህን ሳር ለመቶዎች ዓመታት በሥርዓት ሲጠቀም ኖሯል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። (በዜና የለመድነውን ቄሮ እርሱት፣ ይኼ ሌላ ነው።) የአስቦና የጌራ ዘሮች ነን የሚሉት ባለ መብቶች አባ ቄራ የሚሉትን አለቃ ይመርጣሉ። ሳሩ ለተከታታይ ዓመታት፣ ለሦስትም ለአምስትም ሊዘጋ ይችላል። ተዘጋ ከተባለ ተዘጋ ነው። ደርሷል ሲባል ይከፈታል፣ ይታጨዳል፣ ደግሞ ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሰዉ ግን ጨርሶ አልተወውም፣ በሌላ መልክ ተደራጅቶ ዛሬም ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ጣራዬ ልመለስ። ጓሳው ሥር አይጥ ይኖራል። አይጡን ቀይ ቀበሮ ይበላል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጥም፣ ያለውም እኛ ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ «ተፈጥሮን የማይጎዳ» ብዬ ጣራ ስከድን ሳሩን የማነሳው ከቀበሮው ጓዳ ነው። ቱሪስቱ የሚመጣው ደግሞ ቀበሮውን ሊያይ!

ጓሳ ላይ ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ሎጅ አለ። ትንሽ ነው። ስንቃችሁን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ስመለስ አንዷ ጓደኛዬ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሙቅ ሻወር አለው?» ብላ ነው። ሳቅሁ፤ ግን ጥያቄዋ ቀልድ አይደለም። ሌሊት ውሃ በሚረጋበት ከፍታ ሙቅ ሻወር ማለት ማገዶ ማለት ነው። ማገዶው አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ነው፣ አስታ ደግሞ በብርድ አገር ቶሎ አያድግም። ሶላር አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ክረምቱን ግን በጉም ታልፉታላችሁ። ባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ ያለው ሎጅ ከወንዝ በትንሽ ተርባይን መብራት እንዲያመነጭ ተደርጎ ነው የተሠራው። ወንዙ ስላለው ነው። ሸንተረር ላይ ወንዝ የለም።

ሽንት ቤቱ ደግሞ አለ። ቆላ ላይ በወራት የሚበሰብሰው ነገር እዚያ ብርድ ላይ እንደተቀመጠ ይከርማል፣ ባክቴሪያውም ይበርደዋል። ከሥር ምንጭ የሚቀዱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ንድፉን ከመስኮቱና ከእይታው መጀመሬ ስህተት ነበር። ከጉድጓዱ ነበር መነሳት የነበረብኝ። ግን የጉድጓድ ሥዕል ይዞ ባለሀብት ፊት የሚቀርብ ማን አለ?

ሰሜን ተራሮች ያለው ሊማሊሞ ሎጅ ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር ነው። እሱን ሳስብ ለኔም ትንሽ ተስፋ ሰጠኝ። አፈር ቢያንስ የማንም ምሳ አይደለም።

እናም ንድፉን ቀየርኩ። 14ቱን ወደ 6 አወረድኩ፣ አልጋውን የወሰነው የጉድጓዱ አቅም ነው። ጣራውን ደግሞ... አትሳቁ... ቆርቆሮ አደረግሁት። ጥቁር ቡናማ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ፣ የዝናብ ውሃ ወደ ታንከር የሚያወርድ። ባለሀብቱ ንድፉን አየና «ቆርቆሮ ለማየት ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው አለ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ፈረንጅም፣ የኛው ዳያስፖራም ፎቶ የሚነሳው ሳር ክዳን ፊት ነው። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠው። አልተጣላንም፣ ሒሳቤንም ከፍሎኛል።

ባለፈው ሳምንት ፌስቡክ ላይ የሎጁ ፎቶ መጣብኝ። ያምራል፣ አልዋሽም። ደመናው እንዳለ ነው፣ ሳሩ ገና ወርቅማ ነው። ፎቶውን አሳድጌ ጣራዎቹን ቆጠርኩ። 14 ናቸው።

በሉ፣ መብራት ሳይሄድብኝ ላቁም።