ልጆቻችን ቤት ውስጥ ምን ይሰማሉ?

(በሐዋሳ ለተማሪ ወላጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ኢትዮጵያዊ ሁሉ 18 ዓመት ሲሞላው መምረጥ እንደሚችል የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 38 ተማሪዎቼ በቃላቸው ይወጡታል። ቀበሌ ስለጠራው ስብሰባ ወይም ስለ ሰፈራቸው መንገድ ስጠይቃቸው ግን አብዛኞቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። እጃቸውን የሚያወጡት ቤታቸው ውስጥ «አንተስ ምን ትላለህ? አንቺስ?» የሚባሉት ናቸው።

ስለ ማንነት ደግሞ ጭራሽ አናወራም። አንዲት ተማሪ ቅጽ ስትሞላ «ብሔር» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ መጻፏን አቆመች። አባቷ ሲዳማ፣ እናቷ ወላይታ ናቸው። ቤት ሄዳ ብትጠይቅ «ዝም ብለሽ የአባትሽን ጻፊ» ተባለች። ወላጆቿ ክፉ አላሰቡም፤ ፈርተው ነው። ነገር ግን ቤት ያልመለሰውን ጥያቄ ፌስቡክና ቲክቶክ ይመልሱታል፣ ብዙ ጊዜም በስድብ። እንግዳ ከተሸኘ በኋላ ስለ ጎረቤት ብሔር የምንወረውራት ቃል ደግሞ ከስድቡ የባሰች ናት፤ ልጅ ያመነው ሰው ተናግሯታልና።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን አይሁን በተባለበት ሕዝበ ውሳኔ ገና ሳይነጋ የተሰለፉትን እናቶችና አባቶች ታስታውሳላችሁ። የማንነት ጥያቄ ሰውን በሰላም ለድምፅ አሰለፈ። ከዚያ በፊት፣ በሐምሌ 2011 ዓ.ም.፣ በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ሁለቱም የሆኑት እዚሁ አካባቢያችን ነው። ለልጆቻችን የትኛውን ነገርናቸው? እኔ እንደማየው ሁለቱንም ሳንነግራቸው አድገዋል።

የሲዳማ አባቶች አፊኒ በሚባለው ባህላዊ የዳኝነት ሥርዓት ባለጉዳዮቹን ሁሉ ሳይሰሙ አይፈርዱም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በእጃችን እያለ፣ የ15 ዓመት ልጅ ስለ አገሩ ሲናገር «አንተ ምን ታውቃለህ?» ብሎ አፉን ማስያዝ ያሳዝናል። የተሳሳተ ነገር ቢናገር እንኳ ይጨርስ፤ ከዚያ አርሙት። ስለ እናቱም ስለ አባቱም ወገን፣ ስለ ጎረቤቱም ወግ በክብር ንገሩት። እድር ስትሄዱ፣ ቀበሌ ስትጠሩ ይዛችሁት ሂዱ፤ ሰው እንዴት ተከራክሮ እንደሚስማማ ዓይኑ ይመልከት።

የሚቀጥለው የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ስብሰባ ስለ ትምህርት ቤቱ ውሃ ይነጋገራል። ተማሪዎቹ ሐሳባቸውን ጽፈው ጨርሰዋል፤ መጥታችሁ አድምጧቸው።

አመሰግናለሁ።