የትኛውን ሥራ እናስቀድም?

የተከበራችሁ የአራዳ፣ የልደታና የአዲስ ከተማ አምራቾችና ነጋዴዎች፣ የክፍለ ከተማ የሥራ ኃላፊዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ የተሰበሰብነው በአካባቢያችን የትኛው ዘርፍና የትኞቹ አነስተኛ ድርጅቶች ቅድሚያ ያግኙ በሚለው ላይ ለመምከር ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ በ1990 ዓ.ም. ወጥቶ በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ስትራቴጂ ከማኑፋክቸሪንግ እስከ ከተማ ግብርና ያሉ ዘርፎችን ዘርዝሯል። ይሁን እንጂ ዳቦ ጋጋሪውም በርና መስኮት ሠሪውም በአንድ የዘርፍ ስም ከተመዘገቡ፣ ለሁለቱም የሚሰጠው ድጋፍ ለአንዳቸውም ላይበጅ ይችላል። በእኔ እምነት አስቀድሞ መለየት ያለበት በእያንዳንዱ ሥራ ውስጥ ማነቆው የቱ ጋ እንደሆነ ነው።

የመርካቶን ጫማ ሠሪዎች እንመልከት። በአንዲት ጠባብ ክፍል አንዱ ቆዳ ይቆርጣል፣ ሌላው ይሰፋል፣ ሦስተኛው የእግር ቅርጽ ባለው ፎርማ ላይ ወጥሮ ማስቲሽ ይቀባና ሶሉን ያጣብቃል። የቻይና ጫማ ገበያውን ባጥለቀለቀ ጊዜ ብዙዎች ከሥራ ቢወጡም፣ የዘለቁት ዲዛይናቸውንና ጥራታቸውን አሻሽለው ደንበኛቸውን አስመልሰዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ባለሙያ መሠረታዊ ሥልጠና ማዘጋጀት ከአሠልጣኙ አበል የዘለለ ፋይዳ ያለው አይመስለኝም። ማነቆው ግብዓቱ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ሶልና ኬሚካል፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ንሮ፣ የመሥሪያ ገንዘባቸውን እያሟጠጠ ነው። ከውጭ የሚገባው ጫማም በዚያው ልክ ስለተወደደ ግን ገበያው ለአገር ውስጥ አምራች ክፍት ሆኗል፤ ሶል በጋራ የሚገዛበት ወይም እዚሁ የሚመረትበት መንገድ ቢመቻች ውጤቱ ፈጥኖ ይታያል።

ገዢውም መታየት አለበት። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ብሎኬት እንዲያመርቱ የተደራጁ ማኅበራት ዋና ደንበኛቸው ያው የመንግሥት ፕሮጀክት ስለነበር፣ ግንባታው በቀዘቀዘ ቁጥር ሥራቸውም ይቀዘቅዝ ነበር።

የመሥሪያ ቦታን በተመለከተ በመርካቶ ያለውን የምናለሽ ተራን አሠራር ማጤን ይበቃል። አንዱ የለቀመውን ቆርቆሮና በርሜል ሌላው ቀጥቅጦ ምድጃ ያደርገዋል፤ ቀጥቃጩን ብቻ ነጥለን ከከተማ ዳር ወዳለ ሼድ ብንወስደው ሼድ እንጂ ሥራ አልሰጠነውም።

ስለሆነም ወረዳዎች የድጋፍ ዝርዝራቸውን ከማቅረባቸው በፊት፣ ከየሥራው ጥቂት አምራቾችን አነጋግረው ግብዓታቸው ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚገዛቸውና ከማን አጠገብ መሥራት እንዳለባቸው በጽሑፍ እንዲያያይዙ፣ በጀትም ከዚያ በኋላ እንዲደለደል ሐሳብ አቀርባለሁ።

አመሰግናለሁ።